‹‹ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም›› - የቆረጠው ማን ነው?

በስደት የምንኖር ሰዎች ኑሯችን በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእናት ድምፅ፣ የዘመድ መርዶ፣ የልጅ ልደት፣ የገንዘብ ደረሰኝ፣ የአገር ቤት ወሬ፣ ሁሉም የሚመጣው በዚያችው መስመር ነው። መስመሯ ስትጠፋ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይነግረናል፦ ‹‹ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም››። ተገናኝቶ ከሆነ ምን ጎደለ? ካልተገናኘስ ለምን ተገናኝቷል ይላል?

ይህች አነጋገር በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሁለት ዓይነት ምላሽ ታስከትላለች። አንደኛው ወገን ገና የዋይፋዩ ምልክት ሲደበዝዝ ‹‹ዘጉት!›› ብሎ ይነሳል። ‹‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ›› ነውና የራውተሩ ሶኬት ላልቶ እንኳ ቢሆን ተጠያቂው መንግሥት ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አንድ ሙሉ ክልል ለወራት ከዓለም ተቆርጦ እያየ ‹‹የቴክኒክ ችግር ይሆናል፣ ኬብል ተበጥሶ ይሆናል›› እያለ ያስተባብላል። ሁለቱ ወገኖች በፖለቲካ አይስማሙም። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም መስመሩ የት ላይ እንደተቆረጠ ሳያዩ ማን እንደቆረጠው ይፈርዳሉ።

‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ›› ይላሉ አበው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ነገሩን ከሥሩ ማየት ነው። መስመሩ የት ላይ እንደተቆረጠ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ትዕግሥትና ሩብ ሰዓት ይበቃሉ። ይህን ማወቅ ለቴክኒሻን የሚከፈለውን ገንዘብ ከማዳኑም በላይ፣ መንግሥት በእርግጥ በቆረጠ ጊዜ የምንሰጠውን ምስክርነት የሚታመን ያደርገዋል። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ኮምፒውተሩ ምን ማለቱ ነው?

ከላፕቶፕዎ ተነስቶ አንድ ድረ-ገጽ እስኪደርስ ድረስ መልእክትዎ በርካታ ምዕራፎችን ይጓዛል። የመጀመሪያው ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ያለው ነው፤ ይህ በዋይፋይ ወይም በኬብል የሚሄድ የቤት ውስጥ መንገድ ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ኢንተርኔት አቅራቢው ኩባንያ ያለው ነው። ሦስተኛው ከኩባንያው እስከ ዓለም አቀፉ መረብ የሚወስደው ነው። አራተኛው የስም ማውጫው ነው፤ ሰው ድረ-ገጽን በስም ይጠራል፣ ኮምፒውተር ግን የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ያስፈልገዋል። ይህ አገልግሎት ዲኤንኤስ ይባላል። የመጨረሻው ራሱ የምንፈልገው ድረ-ገጽ ነው።

ኮምፒውተሩ ‹‹ተገናኝቷል›› ሲል የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው። ከሳሎን እስከ ግቢው በር ድረስ መንገዱ ክፍት ነው ማለቱ ነው። ከበሩ ወዲያ አስፋልቱ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ድልድዩ ፈርሶ እንደሆነ፣ ኬላ ተዘርግቶ እንደሆነ በዚህች ቃል አይታወቅም።

‹‹ኢንተርኔት የለም›› የሚለውንስ ከየት አመጣው? ዊንዶውስ ይህን የሚያውቀው በአንዲት ትንሽ ፈተና ነው። ከመረቡ ጋር ሲገናኝ ወደ ማይክሮሶፍት ኮምፒውተር ይሄድና ጥቂት ቃላት ብቻ የያዘች ፋይል ይጠይቃል። የስም ማውጫውንም አንድ የታወቀ ስም ይጠይቀዋል። የሚጠብቀው መልስ ከመጣ ዝም ይላል። ካልመጣ ወይም ሌላ መልስ ከመጣ ‹‹ኢንተርኔት የለም›› ይላል። እንግዲህ ያቺ አንዲት የፈተና አድራሻ ብቻ በሆነ ምክንያት ከታገደች፣ ሌላው ሁሉ እየሠራ ኮምፒውተሩ የለም ሊል ይችላል ማለት ነው። ፈተናዋ አልፋ የምንፈልገው ድረ-ገጽ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ሁሉ ሰላም ነው ይለናል። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ቃል እንደ አንድ ምስክር እንቀበለው እንጂ እንደ ፍርድ አንውሰደው።

ሳይርቅ በቅርቡ

‹‹ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ›› እንዲሉ፣ ፍለጋው መጀመር ያለበት ከራስ ቤት ነው። ከቅርቡ ወደ ሩቁ፣ አንድ በአንድ።

በመጀመሪያ ሌላ መሣሪያ ይሞክሩ። በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ይሠራል ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ የስልኩን የሞባይል ዳታ ማጥፋት ያስፈልጋል። አለዚያ ስልኩ ዋይፋዩ እንደማይሠራ ሲያይ ሹልክ ብሎ በሲም ካርዱ ይወጣና ‹‹ዋይፋዩስ ደህና ነው›› ያሰኛል። ዳታው ጠፍቶ ስልኩ ከሠራ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ስልኩም ካልሠራ ችግሩ ራውተሩ ወይም ከራውተሩ ወዲያ ያለው ነው። በዚህች አንዲት ሙከራ ብቻ ጥያቄው በግማሽ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ ሞደሙንና ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ከዚያ መጀመሪያ ሞደሙን ይሰኩ። መብራቶቹ ሲረጉ ራውተሩን ያስከትሉ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሱ። አንዳንድ ቤት ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ስለሆኑ አንዱን መንቀል ይበቃል። ከራውተሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ መርፌ መክተት ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር መሆኑን ይወቁ። ያ የይለፍ ቃሉንና ኩባንያው የሞላውን መረጃ ሁሉ ይደመስሳል፤ ቀላሉን ችግር ከባድ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ የኮምፒውተሩን አድራሻ ይዩ። በዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍተው በእንግሊዝኛ ፊደል ‹‹አይፒኮንፊግ›› ብለው ይጻፉ። ከሚመጡት ቁጥሮች መካከል ‹‹አይፒቪ4›› ከሚለው ትይዩ ያለውን ይመልከቱ። ቁጥሩ በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ አድራሻ ሰጥቶታል ማለት ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚመልስለት ስላጣ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። በሰፈሩ ሰው የማያውቀውን የቤት ቁጥር በራሱ በር ላይ እንደጻፈ ሰው ማለት ነው፤ ደብዳቤ አይደርሰውም። እንዲህ ሲሆን ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት፣ በዋይፋይ ፈንታ በኬብል መሞከር፣ በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥም አድራሻው በእጅ የተሞላ እንዳይሆን አይቶ ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው መፍትሔው።

አራተኛ፣ ይጣሩ። ‹‹ፒንግ›› የሚባለው ትእዛዝ በእኛ አገር አነጋገር ከአጥር ወዲህ ሆኖ ‹‹አለህ ወይ?›› ብሎ እንደ መጣራት ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ይጥሩ፤ አድራሻው ቅድም በተከፈተው መስኮት ‹‹ዲፎልት ጌትዌይ›› ከሚለው ትይዩ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜም 192.168.1.1 ወይም ይህን የመሰለ ነው። ራውተሩ ከመለሰ ቀጥለው 8.8.8.8ን ይጥሩ፤ ይህ የጉግል የስም ማውጫ ቁጥር ነው። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ መስመሩ የተቆረጠው ከቤትዎ ውጭ ነው። አሁን ወደ ኩባንያው መደወል ይቻላል። የወሩ ሒሳብ አልተከፈለ ይሆናል፣ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶም ይሆናል። አንዳንድ መረቦች ለ‹‹ፒንግ›› እንዳይመልሱ ተደርገው ስለሚዘጋጁ ዝምታን ብቻ ይዞ መደምደም አይገባም፤ መልስ ከመጣ ግን መንገዱ ክፍት ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አምስተኛ፣ 8.8.8.8 መልሶ ድረ-ገጾች በስማቸው ሲጠሩ ካልተከፈቱ ችግሩ የስም ማውጫው ነው። የሰውየውን ስም እያወቁ ስልክ ቁጥሩን እንደ ማጣት ማለት ነው። በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 8.8.8.8 ወይም የክላውድፍሌርን 1.1.1.1 ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ከ2009፣ ሁለተኛው ከ2018 ጀምሮ ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው።

መስመሩ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ ሲያምፅ

ስልኩ እየሠራ ኮምፒውተሩ ብቻ እምቢ የሚልበት ምክንያት በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው የቪፒኤንና የፕሮክሲ ቅሪት ነው። የታገዱ ድረ-ገጾችን ለማንበብ ሲባል በየጊዜው የተጫኑ ፕሮግራሞች በብዙዎቻችን ኮምፒውተር ውስጥ ተከማችተዋል። አንዳንዶቹ ሲሠሩ የኮምፒውተሩን መውጫ በራሳቸው በኩል ያዞሩታል። በትክክል ሳይዘጉ ሲቀሩ ወይም ሳይጸዱ ሲሰረዙ መውጫው እንደዞረ ይቀራል፤ በሩ ግን ከእንግዲህ የለም። ሌሎቹ ደግሞ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን በሙሉ እንዲቆርጡ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ይህ ለጥንቃቄ የተደረገ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። መፍትሔው በዊንዶውስ ሴቲንግ ኔትወርክ ውስጥ ፕሮክሲ የሚለውን ከፍቶ በእጅ የተሞላውን ማጥፋት፣ የማይጠቀሙባቸውንም ቪፒኤኖች ማስወገድ ነው።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን ልዩ ወጥመድ አለው። ዛሬ አብዛኞቹ ድረ-ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይይዛሉ፤ ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒውተሩ ባትሪ አርጅቶ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም አንድ ወገናችን ዓመቱን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላው፣ ኮምፒውተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያን ጊዜ ዛሬ የወጣ ወረቀት ሁሉ ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ድረ-ገጽም አላምንም ይላል። ቀኑን ማስተካከል ብቻ ይበቃል። የኢትዮጵያን ዘመን በግድግዳችን ላይ እንስቀል፤ ለኮምፒውተሩ ግን የሚገባውን እንስጠው።

ሦስተኛው የኮምፒውተሩ ጥበቃ ነው። ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ ወይም ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላይ መጫን መስመሩን ሊዘጋ ይችላል። ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ በዊንዶውስ 10ና 11 ‹‹ኔትወርክ ሪሴት›› የሚባል አለ፤ የኔትወርኩን ቅንብር እንደ አዲስ ያዘጋጀዋል። ከዚያ በፊት የዋይፋዩ ይለፍ ቃል በእጅዎ መኖሩን ያረጋግጡ።

የሰው ቤት ዋይፋይና የሰው አገር ሕግ

በኤርፖርት፣ በሆቴል፣ በቤተ መጻሕፍትና በስደተኞች ማረፊያ ያለ ዋይፋይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የማይኖረው መጀመሪያ አንድ የመግቢያ ገጽ እንዲከፈትና ሰውየው ሕጉን እንዲቀበል ስለሚጠበቅ ነው። ገጹ በራሱ ካልመጣ ቪፒኤኑን አጥፍተው፣ በእጅ የሞሉትን ዲኤንኤስ ወደ አውቶማቲክ መልሰው፣ ብራውዘሩን እንደገና ይክፈቱ። እንዲህ ባለ ቦታ የባንክ ሥራ ባይሠሩ ይመረጣል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ግን ብልሽት ሳይሆን ደንብ ሊሆን ይችላል። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ኢንተርኔቱ እየሠራ የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ አልሄድ ሲል፣ ጽሑፍና የተቀረጸ ድምፅ ግን ሲያልፍ፣ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። በአገሪቱ የቴሌኮም ደንብ እንዲህ ያለው ጥሪ የሚፈቀደው ፈቃድ ባላቸው መተግበሪያዎች ብቻ ስለሆነ ነው። በቪፒኤን ተሸፍኖ ወንጀል መፈጸም ደግሞ በዚያ አገር ሕግ እስርና ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህታችን ስልኳ ‹‹ተበላሸ›› በሚል ገንዘቧን ለጠጋኝ ከመስጠቷ በፊት፣ ‹‹ቪፒኤን ጫኚ›› የሚላትንም ጓደኛ ከመስማቷ በፊት ይህን ልታውቅ ይገባል።

አገር ቤት ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከአገር ቤት ተደውሎ ‹‹ኔትወርኩ አለ፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም›› ሲባል ያው የምዕራፍ ፍለጋ ነው የሚያስፈልገው። በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት ዘንጎች ስልኩ ከቅርቡ ታወር ጋር በሬዲዮ መገናኘቱን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ከታወሩ ወዲያ ስላለው አይናገሩም።

ከሁሉ በፊት ፓኬጁ አልቆ እንዳይሆን ይጠየቅ። ቀጥሎ መብራት አለ ወይ? ታወር የሚቆመው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆይና እሱም ሲያልቅ ዝም ይላል። መንገድ ሲቆፈር የተቆረጠ ፋይበርም አንድን ከተማ ሊያጨልም ይችላል።

ከአገር ውጭ የሚደርስ እውነተኛ ብልሽትም አለ። ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት የባሕር ሥር ኬብሎችን የምታገኘው በጎረቤቶቿ በኩል፣ በተለይም በጅቡቲና በኬንያ ነው። በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተበጥሰው ነበር። በግንቦት 2024 ደግሞ ኢሲና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ተቆርጠው በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሟል። እንዲህ ያለው ብልሽት መልኩ ይታወቃል። ጎረቤት አገሮችም አብረው ይጎዳሉ። ኢንተርኔቱ ብዙ ጊዜ ከመጥፋት ይልቅ ይንቀራፈፋል፤ ሲመለስም ቀስ በቀስ ነው።

በትእዛዝ የሚደረገው ሌላ መልክ አለው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የተመረጡ ገጾችን ማገድ ነው። በግንቦት 2006 በውጭ የሚዘጋጁ የኢትዮጵያውያን ድረ-ገጾችና ብሎጎች ከአገር ቤት አልከፈት ማለታቸው ሲዘገብ፣ መንግሥት አላገድኩም አለ። የአንባቢው ኮምፒውተር ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔቱም አለ፤ የማይከፈቱት ግን እነዚያው ገጾች ብቻ ነበሩ። ኦፕንኔት ኢኒሺዬቲቭ የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ አገር ውስጥ ባደረገው ሙከራ እገዳው እውነት መሆኑን አሳየ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። በሰኔ 2018 መንግሥት ራሱ 264 ድረ-ገጾችና ብሎጎች መከፈታቸውን አስታወቀ። ያልተዘጋ ነገር አይከፈትምና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ክርክር በዚያች ቁጥር ተዘጋ። በየካቲት 2023ም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ላይ በተፈጠረው ቀውስ ወቅት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ ሌላው ኢንተርኔት ግን ይሠራ ነበር። እገዳው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ቆየ።

ሁለተኛው ፈጽሞ መቁረጥ ነው። ታሪኩ ረጅም ነው። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2007 ቆይቷል። በጥቅምት 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። በሰኔ 2019 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን፣ ከዚያም በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከተፈጸመው የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ተዘግቷል። በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ የኮሮና ወረርሽኝ መረጃ ለሕዝቡ ሊደርስ አልቻለም ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። በኅዳር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆረጠች። አገልግሎቱ መመለስ የጀመረው ከኅዳር 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ የወላጁን መኖርና አለመኖር ሳያውቅ ኖረ። በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል።

ምልክቶቹን እንይ። የተበጠሰ ኬብል የክልል ወሰን አያውቅም። የፈተና ፕሮግራም አይከተልም። የሞባይሉን መርጦ የባንኩንና የሆቴሉን መስመር አይተውም። ድምፅ እያሳለፈ ዳታ ብቻ በመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት አይቆርጥም። እነዚህ ምልክቶች ሲደራረቡ ‹‹የቴክኒክ ችግር›› የሚለው መልስ አያረካም። አንዷ ብቻ ስትታይ ግን ለመደምደም አይበቃም።

ምን እንጠይቅ? ምን እንመዝግብ?

ሐሜትና ማስረጃ የሚለያዩት በዝርዝር ነው። ‹‹አገር ቤት ኢንተርኔት ጠፋ›› የሚል ወሬ ማንንም አይረዳም። ስለዚህ ዘመድ ሲደውል ጥቂት ነገሮችን ረጋ ብለን እንጠይቅ። የትኛው ከተማ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? (የአገር ቤት ሰዓት አቆጣጠር መሆኑን አረጋግጦ መመዝገብ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተባለው ለፈረንጁ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው።) በኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ በሳፋሪኮም ነው ወይስ በሁለቱም? የጠፋው የሞባይል ዳታ ነው ወይስ የቤትና የመሥሪያ ቤት ዋይፋይም ጭምር? ድምፅና የጽሑፍ መልእክትስ ይሠራሉ? ሁሉም ገጽ ነው የማይከፈተው ወይስ የተወሰኑት ብቻ? ጎረቤትስ?

መልሱን ከውጭ ከሚታየው ጋር ማመሳከርም ይቻላል። የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው አዮዳ፣ የክላውድፍሌር ራዳርና ኔትብሎክስ የአንድን አገር ኢንተርኔት ከውጭ ሆነው ይከታተላሉ። በቀላል አነጋገር፣ ቅድም እኛ ራውተራችንን ‹‹አለህ ወይ?›› ብለን እንደተጣራነው አዮዳ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አድራሻዎችን ሳያቋርጥ ይጣራል፤ ስንቱ እንደመለሰም በግራፍ ያሳያል። ክላውድፍሌር ደግሞ ከአገሩ የሚመጣው ፍሰት ሲወርድ ያያል። ግራፉ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ከወረደ አንድ ነገር ይናገራል፣ እንደ ዳገት እየተንሸራተተ ከወረደ ሌላ። የተመረጡ ገጾች መታገዳቸውን ለመለየት ግን ከውስጥ መሞከር ያስፈልጋል፤ ለዚህ የተሠራው ኦኒ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። በ2016 በኢትዮጵያ የዋትስአፕን መታገድ በሙከራ ያረጋገጡት የኦኒ ተመራማሪዎች ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ሆነው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለን። ፕሮግራሙን የሚጭነው ሰው ያለው እዚያ ነው፤ እኛ ያለነው እዚህ። ሙከራው በሚከታተል ዓይን ሊታይ እንደሚችል የኦኒ አዘጋጆች ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። አሥራ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀን በሞቀ ክፍል ውስጥ ሆነን እናታችንን ወይም ታናሽ ወንድማችንን ‹‹ይህን ጫን፣ ያንን ሞክር›› ልንል አይገባም። የሚያውቅና አደጋውን መዝኖ የወሰነ ያድርገው። የነገረንን ሰው ስምና ሰፈርም በአደባባይ አንጻፍ። ከተማውና ሰዓቱ ይበቃል።

ሌላው ነገር ዝግጅት ነው። ኢንተርኔት ሳይጠፋ በፊት ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ይገባል። ‹‹ዋትስአፑ ቢጠፋ በቀጥታ ስልክ እደውላለሁ፤ እሱም ካልሆነ እገሌ አዲስ አበባ ያለው ይጠይቅልኛል›› የሚል ስምምነት ቀላል ነገር ነው። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት ጠፍቶ ቀጥታ ስልክ ይሠራ ነበር። የዘመዱን መደበኛ ቁጥር በወረቀት ያልያዘ ሰው ግን ቁጥሩ ያለው በመተግበሪያው ውስጥ ብቻ ስለነበር ተቸግሯል።

ለማጠቃለል፣ ‹‹ተገናኝቷል፤ ኢንተርኔት ግን የለም›› የምትለው ቃል ጥያቄ ናት እንጂ መልስ አይደለችም። መልሱ የሚገኘው ከራስ ጠረጴዛ ተነስቶ፣ ራውተሩን አልፎ፣ ኩባንያውን ጠይቆ፣ እስከ ድንበሩ በመሄድ ነው። ራውተሩ የሠራውን ጥፋት በመንግሥት ላይ ስንለጥፍ ‹‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን›› የተባለው ተገላቢጦሽ ይሆንብናል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በእውነት የቆረጠው ወገን ነገ ‹‹እነዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ይላሉ›› ብሎ እንዲያመልጥ በር መክፈታችን ነው። ራውተራችን ሰላም መሆኑን አይተን፣ ስምና ሰዓት ለይተን፣ ከውጭ ከተለካው ጋር አመሳክረን ‹‹ተቆርጧል›› ስንል ግን ማስተባበያው አቅም ያጣል። የ2006ቱን ክህደት በመጨረሻ የረታው ገጽ በገጽ፣ ቀን በቀን የተመዘገበ ሙከራ ነበር።

ሶኬቱን ያጥብቁ፤ ቀኑን ያስተካክሉ፤ የእናትን ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ በኋላም ካልመጣ ሰዓቱን መዝግበው ይጠይቁ። መጠየቅ ያን ጊዜ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ይሆናል።

ቸር ወሬ ያሰማን!